ራሴን ያማሁበት ክረምት

ሰው ሲያማኝ እናደዳለሁ። እናንተም ትናደዳላችሁ፤ ይህ የማንም ባሕርይ ነው። የኔ መከራ ግን ለየት ይላል። በሕይወቴ ስሜን ያጠፋ፣ ካገሬ ሰው ጋር ያቀያየመኝ፣ ትዳሬን ሳይጀመር ያፈረሰብኝ አንድ ሰው አለ። ይዤ እንዳልደበድበው፣ ከስሼ እንዳላሳስረው፣ ሽማግሌ ልኬ ካሳ እንዳልቀበለው፣ ሰውየው እኔው ነኝ። ታዲያ ጥፋቱ የኔ እንዳይመስላችሁ። ጥፋቱ የኮሌጅ ነው። እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱኝ።

ከመካነ ሰላም ተነስቼ አዲስ አበባ ኮሌጅ የገባሁት በደርግ ዘመን፣ በግቢው ውስጥ «ጓድ» ያልተባለች የምግብ ቤቱ ድመት ብቻ በነበረችበት ወቅት ነው። ገና እንደገባን አዳራሽ ሰበሰቡንና አንድ መነጽር ያደረጉ ኃላፊ «ተማሪ የሚያድገው በደብተር ብቻ አይደለም፤ በተሳትፎ ነው» አሉን። እኔ ደግሞ ማደግ እፈልግ ነበር፤ ቁመቴን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ስለዚህ የተገኘው ሁሉ ውስጥ ገባሁ። የጽዳት ኮሚቴ ገባሁ፤ መጥረጊያውን ለኔ ትቶ ኮሚቴው ጠፋ። የግድግዳ ጋዜጣ ክፍል ገባሁ፤ ሌሎቹ ሲጽፉ እኔ ሙጫ እንድቀባ ተመደብኩ። ስፖርት ክበብ ገባሁ፤ የመረብ ተሸካሚ ሆኜ ዓመቱን ጨረስኩ። የኪነት ቡድኑማ «የወሎ ልጅ ነው» ሲባል ሳይፈትነኝ ተቀበለኝ፤ አንድ ቀን ካዘፈነኝ በኋላ ሳያመሰግነኝ አሰናበተኝ። ወሎዬ ሁሉ ድምፀ መረዋ ነው ብሎ ያስወራው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ ተሰጥኦዬን ያገኘሁት በመኝታ ክፍላችን የውይይት ክበብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በተደራራቢዎቹ አልጋዎች ላይ ተደርድረን ሂስና ግለ ሂስ እናካሂድ ነበር። ለማያውቅ ልንገር፤ ሂስ የሌላውን ጥፋት መናገር ነው፣ ግለ ሂስ ደግሞ ተነስቶ የራስን። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም እውነቱን መናገር መስሎን ነበር። አንድ የዋህ ልጅ ተነሳና «በሒሳብ ፈተና ከጎኔ ካለው ልጅ ቀድቻለሁ» አለ። ጭብጨባ የለ፣ ምስጋና የለ፤ ሰኞ ዕለት ጠርተው ከትምህርት አገዱት። ከእሱ ቀጥሎ የተነሳው ብልጥ ነበር። «ጓዶች፣ በውስጤ የንዑስ ከበርቴ ስሜት አለ» ሲል ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ የክበቡ ጸሐፊም «ጓድ እያደገ ነው» አለ።

ያን ዕለት የግለ ሂስን ሕግ ተማርኩ። ትልቁን ኃጢአት በጅምላ ተናዘዝ፤ ትንሹን በችርቻሮ አትንካ። ለምሳሌ ከምግብ ቤት ስወጣ ዳቦ በኪሴ ይዤ የምወጣ ልጅ ነበርኩ፤ ስለ ዳቦው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። «የሰፊውን ሕዝብ ሀብት በልቻለሁ» ነበር የምለው። ይህን ስል ደግሞ አንገቴን ደፋ፣ ድምፄን ሰበር አደርገዋለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ከክፍላችን እኔን የሚያህል ኃጢአተኛ አልነበረም፤ በዚህም አርአያ ተማሪ ተባልኩ።

ክረምት ሲገባ ወደ አገሬ ተጫንኩ። ከደሴ በአጅባር በኩል የሚመጣው አውቶቡስ እኛን ከጫነበት ይልቅ እኛ እሱን የገፋንበት መንገድ ሳይበልጥ አይቀርም። መካነ ሰላም ስደርስ ዝናቡ፣ ጉሙና እናቴ ጠበቁኝ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ቤቱን የምታቆመው እሷው ናት። እግሬን ታጥቤ እንደተቀመጥኩ «ልጄ፣ የመሪጌታ ክንፉን ልጅ እናስጠይቅልህ ብለናል። በሚመጣው እሑድ ሳምንት ሽማግሌ እንልካለን» አለችኝ።

የመሪጌታ ክንፉ ልጅ ይመኙሻል ትባላለች። አብረን ተምረናል፤ እኔ ኮሌጅ ስገባ እሷ እዚያው ከተማችን ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆና ተቀጠረች። በግቢው ውስጥ ስለ ትግል ሲወራ እያጨበጨብኩ በልቤ የማስበው እሷን ነበር። በዓለም ላይ ከዚህች ልጅ አብልጬ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም። እናቴ ይህን በምን እንዳወቀችው አልጠየቅኳትም፤ የእናት ነገር ነው።

እንግዲህ ሁሉ ነገር በዚህ አምሮ ሳለ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቤታችን ድረስ መጣ። ጓድ በላቸው ይባላል። ከአብዮቱ በፊት ቆዳ ነጋዴ ነበር፤ ሥራው ቢለወጥም ሰውን የሚያየው አሁንም እንደ ቆዳ ፊትና ኋላውን ገልበጥ እያደረገ ነው።

«ተማሪው፣ አንተን አላህ ነው የላከልኝ» አለና፣ የሊቀመንበርነቱ ትዝ ሲለው በሩን ዞር ብሎ አየ። «ከላይ መመሪያ መጥቷል። የከተማው ነዋሪ ግለ ሂስ ይጀምር ተብሏል። ደጋግሜ ሰበሰብኳቸው። ግለ ሂስ ያለው ማነው ስላቸው ሁሉም ጣራ ጣራውን ያያል። ባለፈው አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ቢያነሱ ደስ ብሎኝ፣ ለካ ጣራው እንደሚያፈስ ሊነግሩኝ ኖሯል።»

«ምን ላግዝህ ታዲያ?»

«አንድ ጊዜ አድርገህ አሳያቸው። አንተ ስትጀምር ሌላው ይከተላል።»

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለችና «ልጄ፣ የኛን አገር ሰው እያወቅኸው፤ አንተ ምን አግብቶህ?» አለች። እኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ሙጫ ስቀባና መረብ ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በችሎታዬ ፈልጎኝ ቤቴ ድረስ መጥቷል። «እማ፣ ይህ ተሳትፎ ነው» አልኳት። አሁን ሳስበው ከዚያ በኋላ ብዙ ልትለኝ ትችል ነበር፤ ግን ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ቅዳሜ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። የሞላው በፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ስብሰባ የቀረ ሰው የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲያመጣ ድርሻውን አያገኝም። ፊት ለፊት መሪጌታ ክንፉ ጥምጥማቸውን አሳምረው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ጎረቤታችን አያ ይማም አሉ፤ መሪጌታውና እስላሙ ሁልጊዜ የሚቀመጡት ጎን ለጎን ነው። ወደ መስኮቱ በኩል ይመኙሻል ከመምህራኑ ጋር አለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እሷን ሳይ ልቤ ሞቅ አለ፤ ዛሬ ማን እንደሆንኩ ታያለች አልኩ።

መጀመሪያ ሂስ ምን እንደሆነ፣ ግለ ሂስ ምን እንደሆነ፣ ሂስ የተሰነዘረበት ሰውም «ተቀብያለሁ» ማለት እንዳለበት በደንብ አስረዳሁ። ከዚያ ግራ እጄን አውጥቼ፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ ጀመርኩ።

«ጓዶች፣ እኔ ግለኛ ነኝ። ሰነፍ ነኝ። አድርባይና በሁለት ቢላዋ የምበላ ሰው ነኝ። ያስተማረኝን ሕዝብ ንቄያለሁ። የሰፊውን ሕዝብ ሀብት በልቻለሁ።»

እዚህ ላይ ኮሌጅ ቢሆን ቤቱ ይናጋ ነበር። ጭብጨባውን ጠበቅኩ። የሚሰማው የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ደረቷን ይዛ «እግዚኦ» አለች። አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላ አንዱ በለሆሳስ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲል፣ አዳራሹ በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ «አሜን» አለ። ጓድ በላቸው «አጨብጭቡ እንጂ» ብሎ ባያዝ ኖሮ ለቅሶ ሊጀመር ምንም አልቀረው።

አሁን የናንተን ፍርድ የምፈልግበት ቦታ ደረስን። ያገሬ ሰው ጥፋትን የሚናገርበት ቦታ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው በምስጢር ለነፍስ አባቱ። ሁለተኛው ደግሞ አውጫጭኝ ነው። ድሮ በአካባቢው ንብረት ሲጠፋ አገሩ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅም አንድ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። በዚያ ሜዳ ላይ ዝናብና ረሃብ ተፈራርቆባቸው የዋሉ ሽማግሌዎች ናቸው እንግዲህ አዳራሹን የሞሉት። ጓድ በላቸው ሲሰበስባቸው «ምን ጠፍቶበት ይሆን?» ሲባባሉ ከርመዋል። ያን ቅዳሜ አንድ ወጣት ማንም ሳይጠይቀው ብድግ ብሎ «የሕዝብ ሀብት የበላሁ እኔ ነኝ» አላቸው። ምን ይበሉ? ሰው በገዛ አፉ ከመሰከረ ምን ዳኛ ያስፈልጋል?

እናቴ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ቤት ስንደርስ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አያ ይማም መጡ። «ሰላማት፣ እንዴት አደራችሁ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ገብሱስ» ብለው ሲያበቁ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ዘንድሮ በጥር አንዲት በግ ጠፍታብኝ ነበር።»

«አያ ይማም፣ እኔ እኮ—»

«አብሽር፣ ለካሳ አልመጣሁም። ሐላል ብዬሃለሁ። እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። እስቲ ቤት ድረስ ብቅ በልና መብላትህን ለባለቤቴ ንገርልኝ።»

በጓ በጠፋችበት ጊዜ አዲስ አበባ እንደነበርኩ ብነግራቸው «እሱ አይቸግርም፣ ንገርልኝ ብቻ» አሉ። እሳቸው ሳይወጡ አንዲት ሴትዮ ከደጃፏ ስለጠፋው ገንቦ ልትጠይቅ መጣች። ቀጥሎ ከአጥር ላይ ጋቢ የተወሰደበት መጣ። ከዚያ ከከላላ ገበያ ሲመለስ የኮርቻ መቋጠሪያው የጠፋበት አንድ በቅሎ ጫኝ፣ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ፣ በቅሎዋን ደጃችን አስሮ ገባ። እኔ የኮርቻ መቋጠሪያ ምን ያደርግልኛል? በቅሎ እንኳ የለኝም። ንዴቴ እዚህ ደረሰ። አንድ ሰው በአንድ ራሱ ገንቦም፣ ጋቢም፣ መቋጠሪያም እየሰረቀ መቼ ይማራል?

ከሰዓት በኋላ የቤታችን የነፍስ አባት አባ ገብሬ መጡ። እሳቸው ደግሞ የተቆጡት በሌላ ነው።

«እኔ እያለሁ በቆርቆሮ አዳራሽ ትናዘዛለህ?»

«አባ፣ ንስሐ አይደለም፤ ግለ ሂስ ነው። በኮሌጅ—»

«ይሁን፣ አሁንም አልረፈደም። ንገረኝ። በጅምላ ግን አልቀበልም፣ በየስሙ ለይ። የማንን በላህ? መቼ በላህ? ከማን ጋር በላህ?»

«ምንም አልበላሁም፣ አባ።»

«አሃ። አሁን ደግሞ ሐሰት ጨመርክበት» አሉና ቀኖናዬን አከበዱት። ስግደቱ ሳያንስ ድንጋይ ተሸክሜ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ ሕዝቡን ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዙኝ። ኮሌጅ አንድ ዓመት ሙሉ ስናዘዝ አንድም ሰው ስገድ ብሎኝ አያውቅም። አባ ገብሬ ከወጡ በኋላ ጉልበቴ ላይ እጄን አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ያን ጊዜ ነው የከፋው ነገር የመጣው። መሪጌታ ክንፉ ሰው ልከው «ሽማግሌዎቹ እሑድ ባይደክሙ ይሻላል» አሉ።

ሌላውን ሁሉ ታግሼ ነበር። ይህን ስሰማ ግን ዝናቡን ሳልፈራ ወደ ቀበሌው ሮጥኩ። ጓድ በላቸው ቢሮው ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል።

«ያልኩት ሁሉ እውነት አይደለም። ለማሳየት ያህል ነው። ይህንኑ ለሕዝቡ ንገርልኝ» አልኩት።

«ለምን? በጣም ነው ያማረው። ለአውራጃው አስተላልፌዋለሁ፤ ተደስተዋል።»

«ሐሰት ነው እያልኩህ?»

ገልበጥ አድርጎ አየኝ። «እንግዲያው በአብዮቱ ፊት ዋሽተሃል ማለት ነው» አለ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ። «እኔ የጎረቤት ልጅ ነህ ብዬ ነው የምመክርህ። በግለ ሂሱ ጸንተህ ኑር። ግለ ሂሱን መልሶ የዋጠ ሰው ምን እንደሚባል ከኔ አንተ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ያን ዘመን የኖረ ሁሉ ያውቃል። በደግነት ስለነገረኝ ይበልጥ ፈራሁ። ባልኩት ብጸና ይመኙሻልን አጣለሁ፤ ባልኩት ባልጸና ደግሞ ራሴን የት እንደማገኘው አላውቅም። ወደ ቤት ስመለስ የምሰድበው ሰው አጥቼ ጭቃውን ሰደብኩት።

ነገሩን የፈቱት አያ ይማም ናቸው። ለሚስታቸው እንድናገርላቸው ሊለምኑኝ ደግመው ሲመጡ አፍጥጬ ተቀምጬ አገኙኝና ታሪኩን ሁሉ ነገርኳቸው። የጓድ በላቸውን ማስፈራሪያም አልደበቅኳቸው። ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መሪጌታ ክንፉ ዘንድ ሄዱ። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። «ቅዳሜ ስብሰባ እንዳትቀር» ብቻ አሉኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ከወትሮው በላይ ሞላ፤ ያን ቀን ስኳር እንኳ አልመጣም። ጓድ በላቸው «ግለ ሂስ ያለው» ከማለቱ መሪጌታ ክንፉ ብድግ አሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሂስ የሌላውን ጥፋት መናገር ነው ተብለናል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው፣ መሪጌታ።»

«የተነገረው ሰውስ?»

«ይቀበላል።»

«እንግዲያው ሂስ አለኝ። በዚህ ልጅ ላይ ነው።» ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይህ ልጅ ሕዝብ አታሏል። ሰነፍ ነኝ አለ። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ለእናቱ እንጨት ሲፈልጥ ያደገ ነው፤ እዚህ ያላችሁ ሁሉ አይታችኋል። በሁለት ቢላዋ እበላለሁ አለ። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ አንዱም ቢላዋ ቢሆን አይቆርጥም። ሕዝብን ንቄያለሁ አለ። ከሰላምታ በፊት ጎንበስ የሚል ልጅ ነው። የሕዝብ ሀብት በላሁ አለ። አያ ይማም፣ እስቲ ይነሱ።»

አያ ይማም ተነሱ። ሚስታቸው ካሉበት በኩል እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ መድረኩ አዞሩ። «ሐቁን ልናገር። በጓን የበላት ጅብ ነው። ቃጭሏን ከገደሉ አፋፍ ያገኘሁት እኔ ነኝ። የበረቱን በር ሳልዘጋ የተኛሁትም እኔ ነኝ። ባለቤቴን ፈርቼ ሌባ ወሰዳት አልኩ። ይህ ልጅ በላሁ ሲል ጊዜ ሸክሜ የቀለለ መስሎኝ ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ጓድ በላቸው ደስታውን መቆጣጠር አቅቶት «ይህም እኮ ግለ ሂስ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተነገረው የመጀመሪያው እውነተኛ ግለ ሂስ እሱ ነበር። ጥቂት ቆይታ የገንቦዋ ባለቤት ልጅ ተነስታ ገንቦውን የሰበረችው እሷ መሆኗን፣ ስባሪውንም ጓሮ መቅበሯን ተናገረች። እናቷ እዚያው ልትይዛት ተነሳች፤ ገላጋይ ገባ።

«ስለዚህ» አሉ መሪጌታ ሁከቱ ሲበርድ፣ «የዚህ ልጅ ጥፋት አንድ ብቻ ነው። በራሱ ላይ ዋሽቷል። ሂሴ ይኸው ነው።»

ጓድ በላቸው ፊቴን አየ፣ ሕዝቡን አየ፤ በሥርዓቱ ውስጥ የሚይዝበት ቀዳዳ አጣ። እኔም ከመቀመጫዬ ተነስቼ «ሂሱን ተቀብያለሁ» አልኩ። ማንም ሳያዝ ጭብጨባው ቀለጠ። አባ ገብሬ እንኳ ከኋላ ሆነው «የድንጋዩ ይቅር፣ ስግደቱ ግን ይቀጥል» ብለው ላኩብኝ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። አያ ይማምም አብረው ነበሩ። መሪጌታ «በኔ በኩል ፈቅጃለሁ፤ ልጅቷንም ላነጋግራት» ማለታቸው ሲሰማ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች፣ ለጠላው የሚሆን ጌሾ ልትገዛ ወጣች። እኔ በዓለም ላይ እንደኔ ያደገ ተማሪ የለም ብዬ ነበር የማስበው።

ሰኞ ይመኙሻል በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ብቅ እንድል ላከችብኝ። ክረምት ቢሆንም መሠረተ ትምህርት ታስተምር ነበር። ጠመኔ የነካው እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች።

«አባቴ ፈቅዷል» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩ ፈገግ ብዬ።

«እኔ ግን አልፈቀድኩም።»

ፈገግታዬ ፊቴ ላይ እንዳለ ቀረ። «ሐሰት መሆኑ ታወቀ እኮ። አባትሽ ናቸው በሰው ፊት የመሰከሩልኝ።»

«እሱ ነው የከፋኝ። እውነትህን ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሌባ እንኳ ሲይዙት ነው የሚያምን። አንተን ማን ያዘህ? ማን መታህ? ለጭብጨባ ብለህ ራስህን ከሰስክ። ነገ ጠረጴዛ መትተው ስለኔ ቢጠይቁህ ምን ልትል ነው?»

«ስለ አንቺ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም።»

«ስለ ራስህም አይወጣም ብዬ አስብ ነበር» አለችኝ።

እስቲ ለዚህ ምን ይባላል? አዋቂ ተማሪዎቿ ከውስጥ «መምህርት» ብለው ሲጠሯት ተመልሳ ገባች። ያን ዕለት በጣም ተናደድኩ። እቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ጌሾውን ከፀሐይ አንስታ ወደ ጓዳ ከተተችው።

ይባስ ብሎ ማንን እንዳገባች ልንገራችሁ። የጤና ጣቢያውን ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበውንና መርፌ የሚወጋውን። ይህ ሰው በስብሰባ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ፣ አስተያየት ሲጠየቅ «የለኝም» ብሎ መልሶ የሚያንቀላፋ፣ አንድም ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነበር። እኔ ስንት ተሳትፌ፣ ስንት አድጌ፣ በምንም ያልተሳተፈ ሰው በለጠኝ። ይህን ለሰው ባወራሁ ቁጥር ሰው ከኔ ጋር ይናደድ ነበር፤ ቢያንስ የሚናደድ ይመስል ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። የይመኙሻል ታናሽ ወንድም ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ ጠፍቶ ኖሮ፣ ድሬሰሩን ቀበሌ ጠርተው ከጠዋት ጀምሮ ሲመረምሩት ዋሉ አሉ። ጠረጴዛም መቱ አሉ። «የት እንዳለ አላውቅም» ብሎ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር ዋለና ሲመሽ ለቀቁት። ወደ ቤቱ ሄዶ እራቱን በላ። ልጁ ያን ጊዜ ሁሉ የነበረው እዚያው ቤታቸው፣ ከእህሉ ጎታ ጀርባ ነው።

በቀደም መካነ ሰላም ገበያ ላይ ይኸው ወንድሟ አገኘኝ። ወፍሯል፤ ልጆችም ወልዷል። ከሩቅ አይቶኝ መጣና አቅፎ ሳመኝ፣ ስለ እናቴም ጠየቀኝ። እኔ በዚህ ልጅ ላይ ያደረግኩት አንዳች ነገር የለም። ዓይኑን ማየት ግን አቃተኝ፤ ይህም ያናድደኛል።